ጥይቴ ለምን ሳተ? ኦንላይን ጌም፣ ላግ እና የብርሃን ፍጥነት

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ዶርማችን ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፦ ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ ደብተር የሚገልጥ ሰው የለም። ስድስት ላፕቶፕ፣ በርካሽ የገዛነው አንድ አሮጌ ስዊች፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ኬብል፤ በቃ፣ ጦርነቱ ይጀመራል። የምንጫወተው ሄይሎን ነበር።

ጌሙን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። «ሄይሎ፦ ኮምባት ኢቮልቭድ» ባንጂ የተባለ የአሜሪካ ስቱዲዮ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር አብሮ የወጣ የሳይንስ ልብወለድ የተኩስ ጌም ነው። በ2003 ደግሞ ለኮምፒውተር ተዘጋጀ። ታሪኩ የሚካሄደው በ26ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ማስተር ቺፍ የሚባል አረንጓዴ የጦር ልብስ የለበሰ ወታደር፣ ጠፈር ላይ በተንሳፈፈ ግዙፍ የቀለበት ቅርጽ ባለው ዓለም ውስጥ ኮቨናንት ከሚባሉ የሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር ይዋጋል። የቀለበቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 10,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ጌሙ ያኔም ቢሆን ያረጀ ነበር። ግን የእኛን ደካማ ላፕቶፖች አያስጨንቅም፣ ደግሞም ይጣፍጣል። ጉራ አይሁንብኝና ጎበዝ ነበርኩ። ከስድስታችን አንደኛ ካልወጣሁ ሁለተኛ እወጣለሁ።

ክረምት መጣና ቤተሰቦቼ ጋ ተመለስኩ። ሙኒክ ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ፤ እሱም ሄይሎ ይጫወታል። «በል እንግዲህ፣ ኦንላይን እንጋጠም» ተባባልን። ጨዋታውን እሱ ኮምፒውተር ላይ ከፈተው፣ እኔ ገባሁ። ውጤቱ 25 ለ 3 ሆነ። ሦስቷ የእኔ ናት።

መሸነፉ አይደለም ያናደደኝ። የተኮስኩት ጥይት እሱ ውስጥ ያልፋል! መሐል ደረቱ ላይ አነጣጥሬ እተኩሳለሁ፤ እሱ ምንም ሳይሆን ሩጫውን ይቀጥላል። እሱ ሲተኩስብኝ ግን እያንዳንዷ ጥይት ታገኘኛለች። ሦስት ቀን ሞከርን፣ ሦስቱንም ቀን ያው ነው። በመጨረሻ «ቺት እያደረግክ ነው! ሌባ ነህ!» አልኩት። እሱም «አልቻልክም፣ በቃ አልቻልክም። ስንፍናህን በእኔ አታሳብ» አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አክስቴ እናቴ ጋ ደውላ «ልጆቹ ምን ሆነው ነው?» እስክትል ድረስ ነገሩ ከረረ። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ አልተነጋገርንም።

ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው እውነቱ ምን እንደነበር ነው። የአክስቴ ልጅ አላጭበረበረም። እኔም የዓርብ ማታው ተኳሽ ነበርኩ፣ እጄ አልሰነፈም። ሁለታችንም ስክሪናችን ላይ ያየነው ነገር እውነት ነበር። ታዲያ ጥይቴ የት ገባች?

የጨዋታው ሜዳ የት ነው ያለው?

ከአንድ ጥያቄ እንጀምር። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሙኒክ ሆነው ሁለት ሰዎች «አንድ» ጌም ሲጫወቱ፣ ጌሙ ራሱ የት ነው ያለው?

ብዙ ሰው እንደ ኳስ ሜዳ ያስበዋል፦ አንድ ሜዳ አለ፣ ሁለታችንም እዚያ ገብተናል። እንዲያ አይደለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ የሆነ የሜዳው ቅጂ አለው። የእኔ ላፕቶፕ አንድ ሙሉ ዓለም ይስላል፤ የእሱም እንዲሁ። ሁለቱ ቅጂዎች እንዲመሳሰሉ ኮምፒውተሮቹ በየቅጽበቱ ትንንሽ መልእክት ይላላካሉ፦ «እኔ እዚህ ነጥብ ላይ ነኝ፣ ወደ ግራ እየሮጥኩ ነው፣ አሁን ተኮስኩ»። እነዚህ ትንንሽ መልእክቶች ፓኬት ይባላሉ።

ቅጂዎቹ ባይስማሙስ? ዳኛ ያስፈልጋል። ዳኛው ሰርቨር ይባላል። ማን ተመታ፣ ማን ሞተ፣ ነጥቡ ስንት ነው የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እኛ ስንጫወት ሰርቨሩ የነበረው የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ይህንንም ልብ በሉ። ዳኛው እሱ ቤት ነው የሚኖረው።

አሁን አንድ የምታውቁትን ነገር ላስታውሳችሁ። ትልቅ የኳስ ጨዋታ በስልካችሁ በኢንተርኔት እያያችሁ ነው። የጎረቤት ቤት ደግሞ በዲሽ ያያል። አጥቂያችሁ ገና መሐል ሜዳ ላይ ኳስ እየገፋ ሳለ ከግድግዳው ማዶ «ጎ-ኦ-ኦል!» የሚል ጩኸት ይሰማል። የምታዩት ነገር እውነት ነው፣ ግን ያለፈ ነው። በኦንላይን ጌምም የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ ጌም ውስጥ ያንን ያለፈ አጥቂ በጥይት ለመምታት እየሞከራችሁ ነው።

ብርሃንም ጊዜ ይፈጅበታል

መዘግየቱ ስንት ነው? ብዙ ሰው «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው» ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። ግን ከሁሉም ኩባንያ በላይ የሆነ፣ ማንም ሊያሻሽለው የማይችል የፍጥነት ገደብ አለ፤ የብርሃን ፍጥነት።

ብርሃን በባዶ ጠፈር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኢንተርኔት ከአህጉር አህጉር የሚሄደው ግን በባዶ ጠፈር ሳይሆን እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር፣ ማለትም በፋይበር ውስጥ በብርሃን መልክ ነው። መስታወት ውስጥ ብርሃን ይዘገያል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ለስሌት እንዲመቸን በሚሊሰከንድ እንያዘው (ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው)። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ ሙኒክ በቀጥታ መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 5,000ን ለ200 ስናካፍል 25 ሚሊሰከንድ። ደርሶ መልስ 50 ሚሊሰከንድ። ይህ ማንም ሰው፣ በየትኛውም ገንዘብ፣ በፋይበር ሊያገኘው የሚችለው ዝቅተኛው ቁጥር ነው።

ግን ኬብል በቀጥታ አይሄድም። አገራችን ባሕር የላትም። አንዱ ዋና መንገድ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከዚያ በቀይ ባሕር ሥር ወደ ሰሜን ይጓዛል፣ ግብፅን ያቋርጣል፣ በሜዲትራኒያን ሥር አልፎ እንደ ማርሴይ ባሉ የአውሮፓ ወደቦች ይወጣል፣ ከዚያ በየብስ ወደ ጀርመን ይሄዳል። መንገዱ 8,000 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ደርሶ መልሱ 80 ሚሊሰከንድ ሆነ። በዚህ ላይ በየመገናኛው ያሉት ራውተሮች ፓኬቱን ተቀብለው፣ አድራሻውን አንብበው፣ ወረፋ አስይዘው ነው የሚያሳልፉት። ቤት ውስጥ ደግሞ ዋይፋይ አለ፣ ቪዲዮ የሚያወርድ ወንድም አለ።

ይህ ጠቅላላ የደርሶ መልስ ጊዜ ፒንግ ይባላል። ያን ክረምት የእኔ ፒንግ 180 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነበር።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ብዙ ልጆች ላግ ሲያስቸግራቸው «ከፍ ያለ ፓኬጅ ይገዛልን» ይላሉ። የኢንተርኔት ፓኬጅ ላይ የተጻፈው ሜጋ ቢት ግን የመንገዱ ስፋት ነው፣ ርዝመቱ አይደለም። የጅቡቲን መንገድ ባለ ስምንት ረድፍ ብታደርጉት ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ያሳልፋል፤ ጅቡቲ ግን አትቀርብም። ለፊልም ስፋቱ ይጠቅማል። ለተኩስ የሚያስፈልገው ርዝመቱ ማጠሩና ወረፋው መቅለሉ ነው። መንገዱ በጣም ከመጥበቡ የተነሳ ወረፋ ተፈጥሮ ከሆነ ማስፋት ይረዳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ብር ማባከን ነው።

90 ሚሊሰከንድ ስንት ሜትር ነው?

አሁን ጥይቴን እንፈልጋት።

ፒንጌ 180 ከሆነ፣ አንድ ፓኬት ከሙኒክ እኔ ጋ ለመድረስ ግማሹን፣ ወደ 90 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ስክሪኔ ላይ የማየው የአክስቴ ልጅ የዛሬ 90 ሚሊሰከንዱ ነው። በእርሱ ላይ አነጣጥሬ ስተኩስ፣ «ተኮስኩ» የሚለው መልእክት ደግሞ ሙኒክ ለመድረስ ሌላ 90 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ዳኛው መልእክቴን ሲያነብ በድምሩ 180 ሚሊሰከንድ አልፏል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው የት ደረሰ? በሰከንድ 5 ሜትር ይሮጣል እንበል። 5 ሲባዛ በ0.18፣ 0.9 ሜትር። ሊጠጋ አንድ ሜትር! የሰው ትከሻ ስፋት ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ጥይቴ ከጀርባው፣ ባዶ አየር ውስጥ ነው ያለፈችው። ስክሪኔ ላይ ግን ደረቱን ስትመታ አይቻታለሁ።

ለእሱስ? ዳኛው እሱው ኮምፒውተር ላይ ነው። ፓኬቱ የትም አይሄድም፤ ፒንጉ ዜሮ ነው። የሚያየኝ ሰርቨሩ «አሁን ያለበት ቦታ» ብሎ በመዘገበው ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው። ያነጣጠረበት ቦታ ሁሉ ይመታል። ምንም አላጭበረበረም። የዳኛው ቤት እሱ ሰፈር ሆነና እኔ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ስጮህ ነው የከረምኩት።

በኮምፒውተር ሄይሎን ኦንላይን ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ይህን በልምድ ያውቁት ነበር። የሚሮጥ ሰው ላይ ቀጥታ አይተኩሱም፤ ሊደርስበት ያለው ቦታ ላይ አስቀድመው ይተኩሱ ነበር። ፒንጋቸው ከፍ ባለ ቁጥር ከፊቱ አርቀው ያነጣጥራሉ። ዶርም ውስጥ ግን ኬብሎቻችን ከአልጋ አልጋ ናቸው፣ መዘግየቱ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ነው። ይህን ጥበብ እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ?

ይህ ችግር ከኦንላይን ተኩስ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። መፍትሔ የተባሉት ሦስት ሐሳቦች ታሪክ ደግሞ በጣም ደስ ይላል። ሦስቱም በሳይንስ ልብወለድ ወይም በምናባዊ ዓለም ጌሞች ውስጥ ነው ያደጉት።

አንደኛው ሐሳብ፦ እንጠባበቅ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ድርጅት «ዱም»ን አወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው በማርስ ጨረቃዎች ላይ ነው። እስከ አራት ሰው በኔትወርክ ያጫውት ነበር። ዱም ዓለሙን በሰከንድ 35 እርምጃ ያራምዳል። በእያንዳንዱ እርምጃ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የተጫነበትን ቁልፍ ለሌሎቹ ይልካል፤ የሁሉም መልእክት ሳይደርስ ዓለሙ ወደፊት አይሄድም። ፍትሐዊ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዓለም ያያል። ግን ታውቃላችሁ፣ አምስት ሆናችሁ «ሁላችንም ካልመጣን ታክሲ አንይዝም» ስትሉ የሚሆነውን። አንዱ ሲያረፍድ ሁሉም ያረፍዳል።

ሁለተኛው ሐሳብ፦ እንገምት። በ1996 ያው ድርጅት «ኩዌክ»ን አወጣ። አሁን ዳኛ መጣ፦ ሁሉም ለሰርቨሩ ይናገራል፣ ሰርቨሩ ይወስናል። ሌላውን ሰው መጠበቅ ቀረ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ወደፊት የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ፣ መልእክቱ ሰርቨሩ ጋ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ገጸ ባሕሪያችሁ ንቅንቅ አይልም። በቢሮ ኔትወርክ ላይ ይህ አይታወቅም። በዚያን ጊዜ ሰው ቤቱ የነበረው ግን በስልክ መስመር የሚሠራ ሞደም ነው፤ መዘግየቱ የሰከንድ ሩብ እና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በበረዶ ላይ እንደ መንሸራተት ነበር።

የጌሙ ዋና ፕሮግራመር ጆን ካርማክ በዚያው ዓመት በይፋ በጻፈው ማስታወሻ፣ ለኢንተርኔት ጌም የተነሳበት መሠረታዊ ግምት የተሳሳተ እንደነበር አመነ። መሐንዲስ ሆኜ ይቺን ነገር በጣም እወዳታለሁ። ሰበብ አልደረደረም፤ ተሳስቻለሁ ብሎ እንደገና ሠራው። በዲሴምበር 1996 የወጣው «ኩዌክወርልድ» የተባለው እትም የእናንተ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲያራምዳችሁ አደረገ። ኮምፒውተሩ «ሰርቨሩ እሺ ማለቱ አይቀርም» ብሎ ይገምታል። ብዙውን ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ልክ ካልሆነ፣ የሰርቨሩ መልስ ሲደርስ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመልሳችኋል። እየሮጣችሁ ሳለ በላስቲክ እንደታሰረ ሰው ወደ ኋላ ተስባችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ያ ግምቱ ሲሳሳት ነው።

ይህ የራሳችሁን እንቅስቃሴ አስተካከለ። ጠላታችሁ ግን አሁንም ያለፈ ጊዜ ላይ ነው ያለው። እሱን መገመት ይከብዳል፤ ጣቱ በእናንተ እጅ አይደለማ።

ሦስተኛው ሐሳብ፦ ጊዜን ወደ ኋላ እንመልስ። በ1998 ቫልቭ «ሃፍ ላይፍ»ን አወጣ። የጌሙ ጀግና ጎርደን ፍሪማን ጡንቸኛ ወታደር አይደለም፤ በቲዎሬቲካል ፊዚክስ ዶክትሬት የያዘ ተመራማሪ ነው (ለእኛ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተሠራ ይመስለኛል)። የቫልቭ መሐንዲስ ያን በርኒየር በ2001 ባቀረበው ጽሑፍ ዘዴውን በዝርዝር አስረዳ። ሰርቨሩ እያንዳንዱ ተጫዋች ባለፈው አጭር ጊዜ ውስጥ የት የት እንደነበረ መዝግቦ ያስቀምጣል። አንድ ሰው ሲተኩስ ሰርቨሩ የዚያን ሰው መዘግየት ያሰላል፣ ሌሎቹን ተጫዋቾች ሁሉ ተኳሹ ሲተኩስ ወዳያቸው ቦታ ይመልሳቸዋል፣ ጥይቱ መምታት አለመምታቱን ያያል፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ አሁኑ ቦታቸው ይመልሳል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ቪኤአርን አስቡት። ዳኛው ወደ ስክሪኑ ሮጦ፣ ምስሉን ወደ ኋላ አጠንጥኖ «ልጁ በተኮሰበት ቅጽበት ባየው ምስል ላይ ኢላማው እዚህ ነበር፤ ጎሉ ይጸድቃል» ይላል።

ድንቅ ነው፣ አይደል? ግን ነፃ አይደለም። እስቲ በተመቺው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ጠላት አይታችሁ ሮጣችሁ ግድግዳ ጀርባ ገባችሁ። ተርፌያለሁ ብላችሁ ተነፈሳችሁ። ከዚያ ሞታችሁ ወደቃችሁ። «ግድግዳ ጀርባ ሆኜ እንዴት?» ተኳሹ ሲያያችሁ ገና ግድግዳው ጋ አልደረሳችሁም ነበር። ዳኛው እሱን አመነ። በድሮው ዘዴ ላጉን የሚከፍለው ተኳሹ ነበር፤ በአዲሱ ዘዴ የሚከፍለው ተመቺው ሆነ። ሒሳቡ አልጠፋም፣ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው የተዛወረው።

ዛሬ የምትጫወቷቸው ብዙዎቹ የተኩስ ጌሞች የእነዚህ ሐሳቦች ቅልቅል ናቸው። ለምሳሌ በ2019 የወጣው «ኤፔክስ ሌጀንድስ» በአንድ ጨዋታ 60 ሰው ያዋጋል። ሰርቨሩ የዓለሙን ሁኔታ በሰከንድ 20 ጊዜ፣ ማለትም በየ50 ሚሊሰከንዱ ይልካል። ብዙ ተጫዋች «ለምን 60 ጊዜ አይልክም?» ብሎ ያማርራል። የጌሙ መሐንዲሶች በ2021 መልስ ሰጥተው ነበር፦ ሦስት እጥፍ ዳታና ሦስት እጥፍ የኮምፒውተር ጉልበት አውጥተን የምናተርፈው ቢበዛ ሁለት የስክሪን ፍሬም ያህል ነው። መስማማትም አለመስማማትም ትችላላችሁ። ምህንድስና ማለት ግን እንዲህ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው፣ ማንስ ይከፍለዋል ብሎ መጠየቅ።

በገና ዋዜማ የተደረገ ሙከራ

ሦስተኛ ዓመት ላይ የኮምፒውተር ኔትወርክ ኮርስ ወሰድኩ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ የኬብሉን ርዝመት ለብርሃን ፍጥነት ሲያካፍሉ ደብተሬን ትቼ ስለ አክስቴ ልጅ ማሰብ ጀመርኩ። 180 ሚሊሰከንድ በ5 ሜትር ማባዛቱን ያደረግኩት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር። ሌባ ብዬዋለሁ።

ለገና ከነቤተሰቡ መጣ። ሰላም ተባባልን፣ ግን የዘመድ ሰላምታ ብቻ። ማታ ላይ «አንድ ጨዋታ?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና እሺ አለ። ሁለት ላፕቶፕ በኬብል አገናኘሁ። አሁን ሰርቨሩ እኔ ጋ ነው። በመሐል ሊኑክስ የተጫነበት ሦስተኛ አሮጌ ኮምፒውተር አስገባሁ፤ ሁሉም ፓኬት በእሱ ውስጥ ያልፋል። «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። «ኔትወርክ ማገናኛ ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በንጹሕ ተጫወትን። 25 ለ 19 አሸነፈኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእርግጥም ከእኔ ይሻላል።

ከዚያ በመሐሉ ኮምፒውተር ላይ አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ። ሊኑክስ ውስጥ ኔትኤም የሚባል መሣሪያ አለ፤ የሚያልፍበትን ፓኬት በፈለጋችሁት ሚሊሰከንድ ያዘገያል። መሐንዲሶች የሩቅ አገር ኔትወርክን ላብራቶሪ ውስጥ ለማስመሰል ይጠቀሙበታል። በሄደበትም በመጣበትም 90፣ 90 ሚሊሰከንድ ጨመርኩበት። የአዲስ አበባና የሙኒክን ርቀት ሳሎናችን ውስጥ ሠራሁት ማለት ነው። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

ሁለተኛው ጨዋታ ተጀመረ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ «ቆይ፣ መታሁህ እኮ!» አለ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ «ምን ጉድ ነው ይሄ?» ከስድስት ደቂቃ በኋላ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ምን አድርገህ ነው? ቺት እያደረግክ ነው!» አለኝ።

ምንም አልመለስኩለትም። ስክሪኑን ወደ እሱ አዙሬ የጻፍኩትን ትእዛዝ አሳየሁት። 90 የሚለው ቁጥር ላይ ጣቴን አደረግኩ። «ክረምቱን ሙሉ እኔ የተጫወትኩት በዚህ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቁጥሩን አየው። ከዚያ «ሰነፍ ያልኩህን ተወው» አለ። እኔም «ሌባ ያልኩህን ተወው» አልኩት። እናቴ ከጓዳ «አሁንም ተጣላችሁ?» አለች። አይ፣ አልተጣላንም።

ከዚያ በኋላ ኦንላይን ስንጫወት ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። ሰርቨሩን ሌላኛው ኮምፒውተሩ ላይ ያስነሳል፤ ራሱ ደግሞ እንደ እንግዳ፣ የእኔን ያህል በዘገየ መስመር ይገባል። ሁለታችንም እኩል አሮጌ ዓለም እናያለን። አሁንም አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፈኛል። ግን 25 ለ 3 ቀረ።

እናንተም ሞክሩት

ኮምፒውተር ካገኛችሁ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱ። ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ፣ ክፍተት ሰጥታችሁ፣ የምታውቁትን ድረ ገጽ አድራሻ አስከትሉ። በሚሊሰከንድ የተለካ ቁጥር ይመጣላችኋል። ለሁለት አካፍሉት፣ ከዚያ በ200 አባዙት። ያገኛችሁት ኪሎ ሜትር የሰርቨሩ ርቀት ጣሪያ ነው፤ በምንም ተአምር ከዚያ በላይ ሊርቅ አይችልም።

ይህ ትንሽ የመርማሪነት ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ካሊፎርኒያ ከ14,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለ ሰርቨር በፋይበር ከ140 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊመልስላችሁ አይችልም። የአንድ የአሜሪካ ድረ ገጽ ፒንግ 20 ከሆነ፣ ያናገራችሁት ካሊፎርኒያን አይደለም። ድርጅቱ የድረ ገጹን ቅጂ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በታች የሆነ ቦታ አስቀምጧል ማለት ነው። ፊዚክስ አድራሻውን አጋለጠው!

ጌም ስትጫወቱ ደግሞ ሰርቨር መምረጥ የሚቻል ከሆነ የአገር ስም አትመልከቱ፣ ፒንጉን አወዳድሩ። ከተቻለ ዋይፋዩን ትታችሁ በኬብል ተገናኙ። ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚያወርድ ሰው ካለ ወረፋውን እሱ ይዞታል ማለት ነው፤ በሰላም ተነጋገሩ።

አሁን ወደዚያች የያዛችሁልኝ ቁጥር እንመለስ። የሄይሎ ቀለበት ስፋት 10,000 ኪሎ ሜትር ነው ብለናል። ማስተር ቺፍ በቀለበቱ አንድ ዳር ቆሞ በሌላው ዳር ላለ ጓደኛው በሬዲዮ ቢናገር፣ ድምፁ በባዶ ጠፈር በብርሃን ፍጥነት ሄዶ እንኳ 33 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። በ26ኛው ክፍለ ዘመንም ላግ አለ። ዱም ወደተጀመረባት ማርስማ ብትሄዱ፣ ምልክቱ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት በአንድ ጉዞ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። ለዚህ ነው ማርስ ላይ ያሉትን ሮቦቶች ማንም በጆይስቲክ የማይነዳቸው። መሐንዲሶች የቀኑን ዕቅድ ይልኩላቸዋል፤ መንገዳቸው ላይ ድንጋይ ሲያጋጥማቸው ራሳቸው አስበው ያልፋሉ። ራቅ ያለውን ዳኛ መጠበቅ ካልተቻለ እዚያው የሚወስን አእምሮ ያስፈልጋል። የኩዌክወርልድ ሐሳብ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ቀጣይ ጊዜ ጥይታችሁ ሰው ውስጥ ስታልፍ፣ «ሌባ!» ከማለታችሁ በፊት ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የፒንግ ቁጥር እዩ፤ ሰርቨሩ የት እንዳለም ጠይቁ። እኔ አራት ወር ሙሉ ያልጠየቅኩት ጥያቄ እሱ ነበር።